«የተሰረቀው ደብዳቤ»፦ ፖሊሶቹ አይተውት ያለፉት ለምንድን ነው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የኤድጋር አለን ፖን “የተሰረቀው ደብዳቤ” አንብቤ ጨረስኩ። ፖሊሶቹ የወንበር እግር ሳይቀራቸው በማይክሮስኮፕ መርምረዋል። ደብዳቤው ግን የገባ ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችል ቦታ ተሰክቶ ተገኘ። ይሄ እንዴት ይታመናል? ደራሲው አልሸወደንም? ከዚህ ቀጥሎስ ተመሳሳይ ምን ላንብብ?»

ጠያቂያችን፣ ቅር ቢልዎት አልፈርድብዎትም። ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ለወዳጁ ሲተርከው ብዙ ጊዜ «ደብዳቤው እኮ ፊት ለፊት ነበር!» ብሎ ይጨርሰዋል። እንደዚያ ከተተረከ በእርግጥ አይታመንም። ታሪኩ ግን ሌላም ነገር ይላል። ደብዳቤው ፊት ለፊት ነበር፤ መልኩም ተቀይሮ ነበር። ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለተኛውን ነው። እኔ ፖሊሶቹ ደብዳቤውን አይተውታል ብዬ ነው የማምነው። አይተውት፣ «ይሄ አይደለም» ብለው አልፈውታል። ያሳለፋቸውም ስንፍና አይደለም። አዛዣቸው ይዞት የሚዞረው የማስታወሻ ደብተር ነው።

ላላነበቡት ነገሩን ላስቀምጠው። ቦታው ፓሪስ ነው። በቤተ መንግሥት አንዲት ታላቅ እመቤት ምስጢራዊ ደብዳቤ እያነበበች ሳለ፣ ከሰው ሁሉ እንዲያይባት የማትፈልገው ሰው ድንገት ይገባል። መሳቢያ ውስጥ ልትከተው ሞከረች፤ አልሆነላትም። እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። አድራሻው ከላይ ሆነ፣ ጽሑፉ ተሸፈነ። የገባው ሰው ምንም ልብ አላለም። በዚህ መሀል ሚኒስትር ዲ የሚባለው ሰው መጣ። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ አረፈ። የአድራሻውን የእጅ ጽሑፍ አወቀው። የእመቤቲቱን መደናገጥም አየ። ነገሩ ወዲያው ገባው። እሱም አንድ ተመሳሳይ ደብዳቤ አወጣ፣ ያነበበ መሰለ፣ ከዚያኛው ጎን አስቀመጠው። ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ሥራ ካወራ በኋላ ሲሰናበት የሷን አንስቶ የራሱን ትቶ ወጣ። እሷ እያየች ነው። ግን ያ ሰው አጠገቧ ቆሟል፤ ትንፍሽ ብትል ምስጢሩ ይወጣል። የሌባ ዓይነ ደረቅ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሚኒስትሩ እመቤቲቱን በእጁ አስገብቷታል። ደብዳቤውን ለማንም አያሳይም። ማሳየትም አይፈልግም። ኃይሉ ያለው ደብዳቤው እጁ ላይ መኖሩ ላይ ነውና፣ አንዴ ካወጣው አለቀለት። ይቺን ነጥብ ልብ ይበሉልኝ። አፈላለጉ ከባድ የሆነው በሷ ምክንያት ነው። ሚኒስትሩ ደብዳቤውን በማንኛውም ደቂቃ መዝዞ ማውጣት መቻል አለበት። ስለዚህ ሩቅ ቦታ ሊቀብረው አይችልም፤ ቤቱ ውስጥ መሆኑ የግድ ነው።

የፖሊሱ አዛዥ ይህን በትክክል ገምቷል። ሰውዬው ሞኝ አይደለም። ደራሲው ሞኝ አድርጎ ስሎት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ዋጋ አይኖረውም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት የሚኒስትሩን ቤት ሲበረብር ከርሟል። ሚኒስትሩ ብዙ ጊዜ ውጭ ያድራል፤ አሽከሮቹም ጠጥተው ይተኛሉ። እያንዳንዱን ክፍል የአንድ ሙሉ ሳምንት ሌሊቶች ሰጥተውታል። የወንበሮቹን መቀመጫ በረጃጅም ቀጫጭን መርፌ ወጉ። የጠረጴዛዎቹን ገበታ አነሱ፤ ሰው እግሩን ቦርቡሮ ዕቃ ከትቶ ገበታውን ሊመልስበት ይችላል ብለው። የእንጨቶቹን መጋጠሚያ በማይክሮስኮፕ አዩ። በቅርብ የተሰረሰረ ነገር ቢኖር አንዲት የእንጨት ብናኝ እንኳ ታጋልጠዋለች ባዮች ናቸው። መጻሕፍቱን አራግፈው አልተዉም፤ ቅጠል በቅጠል ገለጡ፣ የሽፋኑን ውፍረት ለኩ። ምንጣፍ አነሱ፣ የግድግዳ ወረቀት መረመሩ፣ ምድር ቤት ወረዱ። ግቢው ውስጥ በጡብና በጡብ መካከል የበቀለውን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ሳይቀር አዩ። ሚኒስትሩንም ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ በሐሰተኛ ዘራፊ አስይዘው ፈተሹት።

አሁን አንድ ነገር ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ፍተሻ የሚፈልገው ምንድን ነው? ቀዳዳ ነው፣ ስንጥቅ ነው፣ ድርብ ወለል ነው። አዛዡ ራሱ ሲኩራራ፣ እያንዳንዱ ቁም ሳጥን የሚይዘው ስፋት ስለሚታወቅ ከዚያ ጥቂት ቢጎድል እናውቃለን ይላል። ስለዚህ የሚለካው ስፍራ ነው። ቤቱን የሚያየው እንደ ሳጥን ነው። ዕቃ የሚደበቀው ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ በሌላ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከዚህ ሐሳብ አይወጣም። ይሄ የሱ ጥፋት ብቻ አይደለም። እስከዚያ ቀን የያዛቸው ሌቦች ሁሉ እንደዚያ የሚደብቁ ነበሩ፤ ዘዴውም ሠርቶለታል።

ወደ ደብተሩ ልምጣ። አዛዡ መርማሪው ዱፓን ቤት መጥቶ ይህን ሁሉ ከተረከ በኋላ ዱፓን አንድ ጥያቄ ጠየቀው፦ የደብዳቤው ትክክለኛ መግለጫ አለህ ወይ? አለኝ አለና ደብተሩን አውጥቶ አነበበለት። የውስጡን ይዘት፣ በተለይ ደግሞ የውጪውን መልክ። ታሪኩ ውስጥ ይህ ሁለት ሦስት መስመር ነው። አንባቢ ይዘለዋል። ዋናው ነገር ግን እዚህ ነው።

መግለጫው በኋላ እንደምንሰማው እንዲህ ነበር። ማኅተሙ ትንሽና ቀይ ነው፣ የአንድ መስፍን ቤት ዓርማ አለበት። አድራሻው ለንጉሣዊ ሰው ነው፣ ጽሑፉም ደፋርና ጎላ ያለ ነው። እያንዳንዱ ፖሊስ ይህን በጭንቅላቱ ይዞ ነው ቤቱ የገባው። ቀይ ማኅተም ፍለጋ።

ዱፓን የሚኒስትሩ ቤት ሲሄድ ምን አየ? ዓይኔን ያመኛል ብሎ አረንጓዴ መነጽር አድርጓል፤ ከመነጽሩ ሥር እያወራ ክፍሉን ይቃኛል። መጀመሪያ ሚኒስትሩ አጠገብ ያለውን ትልቅ የጽሕፈት ጠረጴዛ አየ፤ ወረቀት ተዝረክርኮበታል፣ የሚያጠራጥር ግን አጣበት። ከዚያ ዓይኑ አንድ ርካሽ የካርድ ማስቀመጫ ላይ አረፈ። ከካርቶን የተሠራ ነው። ከእሳት ምድጃው መደርደሪያ መሀል ልክ ከሥሩ፣ በቆሸሸ ሰማያዊ ሪባን፣ ከትንሽ የነሐስ መስቀያ ተንጠልጥሏል። ሦስት ወይም አራት ክፍል አለው። አምስት ስድስት የመጠያየቂያ ካርዶችና አንድ ብቸኛ ደብዳቤ ይዟል። ደብዳቤው ቆሽሿል፣ ተጨማድዷል፣ ከመሀሉ ለሁለት ሊቀደድ ትንሽ ቀርቶታል። የማይረባ ነው ብሎ ሊቀድደው ጀምሮ የተወው ይመስላል። ማኅተሙ ትልቅና ጥቁር ነው፣ የራሱ የሚኒስትሩ ምልክት አለበት። አድራሻው በደቃቅ የሴት እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው፤ የተላከውም ለራሱ ለሚኒስትሩ ነው።

አሁን ሁለቱን መግለጫዎች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ትንሽ የነበረው ትልቅ ሆኗል። ቀይ የነበረው ጥቁር። ደፋሩ ጽሑፍ ደቃቅ። ለቤተ መንግሥት የነበረው ለሚኒስትሩ። መጠኑ ካልሆነ በቀር የሚመሳሰል ነገር የለም። ደብተሩን በልቡ የያዘ ፖሊስ ይህን ሲያይ ምን ይላል? «ይሄማ አይደለም» ነዋ! ፍተሻው ጥብቅ በሆነ መጠን ደብዳቤውን ይበልጥ እርግጠኛ ሆኖ ያልፈዋል።

ዱፓን ያንኑ መግለጫ ሰምቷል። እሱ ግን ከዚያው መግለጫ ሌላ ነገር አነበበ። ልዩነቱ ከመጠን ያለፈ ነው አለ። ሁለት ደብዳቤዎች በአጋጣሚ ቢለያዩ በአንዱ ይለያያሉ፣ በሌላው ይመሳሰላሉ። በሁሉም ነገር ተቃራኒ ከሆኑ ግን አንድ ሰው ተቀምጦ አስቦበታል ማለት ነው። ቆሻሻውም ጠቆመው። ሚኒስትሩ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ የተዝረከረከ ነገር የሱ ጠባይ አይደለም። ከዚያ የወረቀቱን ጠርዝ አየ። ወረቀቱ ጠንካራ ነው፤ ጠርዙ ግን ካስፈላጊው በላይ ተፋፍቋል። አንዴ የታጠፈ ጠንካራ ወረቀት በዚያው መስመር ላይ በተቃራኒው ሲታጠፍ እንዲህ ይሆናል። ደብዳቤው እንደ ጓንት ተገልብጦ፣ የውስጡ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ አዲስ አድራሻ ተጽፎበት፣ አዲስ ማኅተም ተመትቶበታል።

እንግዲህ አንድ መግለጫ ነው፣ የሰሙት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንዱን አሳወረው፣ ሌላውን መራው። «እንዴት ይታመናል?» ላሉት መልሴ ይሄ ነው። ፖሊሶቹ ያዩትን ነገር የሚያመሳክሩት ከመግለጫው ጋር ነበር፤ ሚኒስትሩም መግለጫው እንደሚኖራቸው አውቆ ነው የሠራው። ዱፓን እንደሚለው ሌሊት ሌሊት ቤቱን ትቶ መውጣቱም ተንኮል ነበር። ፈትሹ፣ እስኪበቃችሁ ፈትሹ፣ ከዚያ ቤቱ ውስጥ የለም ብላችሁ ተስፋ ቁረጡ ብሎ ነው።

የርስዎ ጥርጣሬ ልክ የሚሆንበት ቦታ ግን አለ፤ አልክድም። አዛዡ እያንዳንዱን ጥቅልና እሽግ ከፍተናል ይላል። ታዲያ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል የገለጠ ሰው አንድ የተጨማደደ ደብዳቤ ገልጦ ማየት እንዴት አቃተው? ታሪኩ ለዚህ ቀጥተኛ መልስ አይሰጥም። በኔ እምነት ደራሲው የሚተማመነው በአዛዡ ጠባይ ነው። አዛዡ የሚያደንቀው ከባዱን ነገር ነው። ታሪኩ ሲጀምር ዱፓን «ምናልባት ምስጢሩ ትንሽ ግልጽ ስለሆነ ይሆናል የቸገራችሁ» ሲለው አዛዡ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። እንዲህ ያለ ሰው ጠርዙ የተፋፈቀ የተጣለ ወረቀት አያነሳም። ለኔ ይህ ይበቃኛል። ለርስዎ ባይበቃ ግን ጥያቄዎ ፍትሐዊ ነው።

ሌላም አለ። የደብተሩ ይዘት ሲነበብ ዱፓን ይሰማል፤ እኛ አንሰማም። ቀይ ማኅተም የሚለውን የምናውቀው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ማስረጃው ሁሉ ለአንባቢው እኩል ይቅረብ የሚለው የመርማሪ ልቦለድ ሕግ በጽሑፍ የወጣው ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የመርማሪ ልቦለድ ደራሲዎቹ ኤስ ኤስ ቫን ዳይን እ.ኤ.አ. በ1928፣ ሮናልድ ኖክስ ደግሞ በ1929 ሕጎቻቸውን ዘርዝረዋል። ፖ ታሪኩን ያሳተመው በ1844 መጨረሻ ነው። በዚያ ሕግ ከመዘንነው አንድ ነጥብ ይጎድለዋል።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ላሳይዎት። ፖ የመፍትሔውን ግማሽ መጀመሪያ ላይ ሰጥቶናል። እመቤቲቱ ደብዳቤዋን ምን አደረገችው? ጠረጴዛ ላይ፣ በግልጽ፣ አድራሻውን ወደ ላይ አድርጋ ተወችው። መሳቢያ ውስጥ ብትከተው ኖሮ የገባው ሰው ይጠረጥር ነበር። ስላልደበቀችው አላየውም። ሚኒስትሩ ይህን ዘዴ በዓይኑ አይቶ ነው የሰረቀው፤ ቤቱ ሲገባ ያንኑ ዘዴ ደገመው። ከዚያ ዱፓን መጥቶ፣ ሚኒስትሩ እመቤቲቱን እንዳደረጋት፣ ሚኒስትሩን አደረገው። ተመሳሳይ ወረቀት አስቀምጦ እውነተኛውን ይዞ ወጣ። ስርቆቱ ሁለት ጊዜ ነው የተፈጸመው፤ ሰዎቹ ብቻ ቦታ ተቀያየሩ። አንዱ ምንም አያይም። ሁለተኛው፣ አንደኛው እንደማያይ አይቶ ልቡ ያርፋል። ሦስተኛው ሁለቱንም አይቶ ይወስዳል። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣክ ላካን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስለዚህ አጭር ታሪክ የሰጠው ትምህርት የቆመው በዚህ ሦስት ዓይነት እይታ ላይ ነው። ፈላስፋው ዣክ ደሪዳ በ1975 ተከራክሮታል። እኔ ክርክራቸውን ሳላነብ በፊትም ቢሆን ይህ ድግግሞሽ ነበር የሚማርከኝ።

ስለ ብዮቹም ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚወደው እሱን ነው። ዱፓን ስለ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ያነሳል። ጨዋታው «ሙሉ ወይስ ጎዶሎ» ነው። አንዱ በእጁ ብይ ይጨብጣል፣ ሌላው ቁጥሩ ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ ብሎ ይገምታል። ይህ ልጅ የትምህርት ቤቱን ብይ ሁሉ ጠራርጎ በላ። ምስጢሩን ሲጠይቁት፣ የተጋጣሚዬን ፊት አይቼ የራሴን ፊት እንደሱ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በልቤ ምን ሐሳብ እንደሚመጣ እጠብቃለሁ አለ። አዛዡ ያቃተው ይህ ነው። እሱ ቢሰርቅ የት ይደብቅ እንደነበር ብቻ ነው የሚያስበው። ሚኒስትሩን ደግሞ ገጣሚ ስለሆነ ብቻ ለቂል የቀረበ አድርጎ ንቆታል። ሰውዬው ግን ገጣሚም የሒሳብ ሰውም ነው።

የካርታው ምሳሌ ከዚያ ይበልጣል፤ ቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። ሁለት ሰው ካርታ ላይ ይጫወታል። አንዱ ስም ይጠራል፣ ሌላው ፈልጎ ያገኘዋል። ጀማሪ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ የመንደር ስም ይመርጣል። የበሰለ ተጫዋች ግን ከካርታው ጫፍ እስከ ጫፍ በትልልቅ ፊደል ተራርቆ የተዘረጋውን ስም ይጠራል። ፈላጊው ዓይኑን ካርታው ላይ ተክሎ ደቂቁን ሲያስስ ትልቁ ያመልጠዋል።

አወሳሰዱም ቢሆን ልብ የሚሰቅል ነው። ዱፓን በመጀመሪያው ቀን ደብዳቤውን ቀምቶ አልሮጠም። ሚኒስትሩ ለምንም የማይመለስ ሰው ነው፤ ቤቱም ታማኝ አሽከሮች አሉት። ከዚያ ቤት በሕይወት ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ የወርቅ የሱረት ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ «ረስቶ» ሄደ። በማግስቱ ልውሰድ ብሎ ተመለሰ። እያወሩ ሳለ ከመስኮቱ ሥር ተኩስ ተሰማ፣ ጩኸት ተከተለ። ሚኒስትሩ ሮጦ መስኮቱን ከፈተ። ዱፓን ወደ ካርዱ ማስቀመጫ ሄዶ ደብዳቤውን ኪሱ ከተተ፤ በቦታው ቤቱ ያዘጋጀውን አምሳያ ሰካ። የሚኒስትሩን ማኅተም ከዳቦ በተሠራ ቅርጽ ነበር ያስመሰለው። ውጭ የተኮሰው ሰው የዱፓን ቅጥረኛ ነው፤ ጠመንጃውም ጥይት አልነበረበትም።

ዱፓንን ቅዱስ አድርገን እንዳናየው ግን አደራ። አዛዡ በድጋሚ ሲመጣ ዱፓን መጀመሪያ የ50 ሺህ ፍራንክ ቼክ አስጻፈው፤ ደብዳቤውን የሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቂምም አለበት። ሚኒስትሩ ቪየና ውስጥ አንዴ በድሎታል። አምሳያው ደብዳቤ ውስጥም ከአንድ የቆየ የፈረንሳይ ተውኔት የበቀል ስንኝ ጽፎ ተወለት፤ ሚኒስትሩ የዱፓንን የእጅ ጽሑፍ ያውቀዋል። ሚኒስትሩ አሁንም ደብዳቤው እጁ ላይ ያለ መስሎት እመቤቲቱን ያስፈራራል፤ በዚያው ይወድቃል። ዱፓን ይህን የሚናገረው በደስታ ነው። በኔ ዓይን ታሪኩን ጥልቅ ያደረገው ይህ ነው፤ መርማሪው ከሌባው በጭንቅላት ብቻ አይደለም የሚመሳሰለው።

ደብዳቤው ምን ይላል? አይነገረንም። ማን እንደጻፈውም በግልጽ አይነገረንም። ደራሲው ትክክል ነው። ይዘቱን ብናውቅ ስለ ፍቅር ወይም ስለ ሴራ እናስብ ነበር። አሁን የምናስበው ማን እንደያዘውና ማን እንዳየው ብቻ ነው።

ቀጥሎ ምን ላንብብ ላሉት፣ በዱፓን ብቻ ከሄዱ ሁለት ታሪኮች ቀድመውታል፤ አንዱ የ1841፣ ሌላው ከ1842 እስከ 1843 በተከታታይ የወጣ። ፖ ግን በሐምሌ 1844 ለገጣሚው ጀምስ ራስል ሎውል በጻፈው ደብዳቤ ከዚህ ዓይነት ታሪኮቹ ምናልባት ምርጡ «የተሰረቀው ደብዳቤ» እንደሆነ ነግሮታል። እኔም እስማማለሁ፤ ስለዚህ ወደ ሌላ ደራሲ ይሻገሩ። የአርተር ኮናን ዶይልን «የቦሄሚያ ቅሌት» ያንብቡ፤ የ1891 ታሪክ ነው። እዚያ የሚፈለገው ፎቶግራፍ ነው፣ ሼርሎክ ሆምስም ግርግር ይፈጥራል። ልዩነቱን ያስተውሉ። ዱፓን ግርግሩን የሚያስነሳው ሚኒስትሩ ዓይኑን ከደብዳቤው እንዲያነሳ ነው። ሆምስ የሚያስነሳው ሴቲቱ ወደ ደበቀችበት እንድታይ ነው።

ከዚያ የዚሁኑ ደራሲ «የባሕር ኃይሉ ውል»ን ያንብቡ፤ የ1893 ነው። አንድ ወጣት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ማታ ብቻውን ተቀምጦ በእንግሊዝና በጣሊያን መካከል የተደረገ ምስጢራዊ ውል ይገለብጣል። 26 አንቀጽ ነው፣ በፈረንሳይኛ ነው፣ እንቅልፉም መጥቷል። ያዘዘው ቡና ሲዘገይበት ለማየት ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ዘበኛው እንቅልፍ ወስዶታል። ሊቀሰቅሰው እጁን ሲዘረጋ ከላይ ደወል ይጮኻል። የሚደወለው እሱ ውሉን ትቶ ከወጣበት ክፍል ነው።